አምቡላንሱ ለምን ዘገየ? ከአቃቂ ቃሊቲ እስከ ምክር ቤት

በአቃቂ ቃሊቲ ሌሊት ሰው ሲታመም ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚደውለው ወደ 907 ነው፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ጥሪ ማለት ነው። መኪናው ሌላ ጥሪ ላይ ከሆነ 939 ይሞከራል፤ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ቁጥር ነው። ሦስተኛው ቁጥር በየትኛውም የመንግሥት ማስታወቂያ ላይ አልተጻፈም። እሱም መኪና ያለው ጎረቤት ስልክ ነው። ምጥ የያዛት ሴት፣ ደረቱን ይዞ የወደቀ አባት፣ እጁን ማሽን የቆረጠው የፋብሪካ ሠራተኛ ስንት ጊዜ በዚህ በሦስተኛው ቁጥር ሆስፒታል እንደደረሱ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ሳይደርሱ ሲቀሩ ማን ይጠየቃል? ይህ ዳሰሳ የሚከተለው ይህንን ጥያቄ ነው። መልሱን ፍለጋ ስንወጣ ሁለት ጉዳዮች እናገኛለን። አንዱ የአምቡላንስ ሠራተኛው ኑሮ ነው፤ ደመወዙ፣ የተረኝነት ክፍያው፣ እረፍቱ፣ ደኅንነቱ። ሌላው ከተማው የተሠራበት መንገድ ነው፤ የት ቤት እንደተሠራ፣ የት መንገድ እንደተቆረጠ፣ ማን ወዴት እንደተዛወረ። ምክር ቤት ሪፖርት ሲቀርብ የመጀመሪያው የጤና ሚኒስቴር፣ ሁለተኛው የከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር ጉዳይ ተብሎ በየራሱ ቋሚ ኮሚቴ ይሰማል። እኔ ግን ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው ባይ ነኝ። ተለያይተው በታዩ ቁጥር ደግሞ የሚጠየቅ ሰው ይጠፋል።

ከሕጉ እንነሣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ደንግጎ፣ ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ይናገራል። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና የሕግ አስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። ቀጥሎ ያለው ንዑስ አንቀጽ 18 ብዙ አይነሣም፤ እኔ ግን ከሁሉም የሚበልጥ ኃይል ያለው እሱ ይመስለኛል። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ፣ ምክር ቤቱ ለአስፈጻሚው በተሰጠ በማናቸውም ሥልጣን ላይ ተወያይቶ አስፈላጊ መስሎ የታየውን እርምጃ መውሰድ ይችላል። ከ547 መቀመጫ አንድ ሦስተኛ ማለት 183 ሰው ነው። አዲስ አበባ ብቻዋን 23 መቀመጫ አላት። አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ለጤናና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ስለዚህ የመጠየቂያ ሕግ የለንም ማለት አይቻልም። ጠያቂው ማንን መጠየቅ እንዳለበት የሚያሳይ መስመር ግን ደብዝዟል።

መስመሩ የደበዘዘው ባለቤቱ ስለበዛ ነው። በአዲስ አበባ በሽተኛ ሆስፒታል ደርሶ ሐኪም እስኪያየው ያለው አገልግሎት ቢያንስ በአራት እጅ ተከፋፍሏል። ቀይ መስቀል አለ፤ በሕግ የተቋቋመ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው እንጂ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ሚኒስትሩ ኃላፊውን አይሾምም፣ አይሽርምም። የእሳትና አደጋ ኮሚሽኑ አለ፤ ተጠሪነቱ ለከተማው አስተዳደር ነው። የከተማው ጤና ቢሮና ጤና ጣቢያዎቹ የየራሳቸው አምቡላንሶች አሏቸው። የግሉም አለ፤ ከሁሉ የሚታወቀው ጠብታ አምቡላንስ ነው። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የማደንዘዣ ባለሙያ የነበሩት አቶ ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው ያቋቋሙት ድርጅት ነው። አንድ ሰው የገዛ ቤቱን ሸጦ የመንግሥትን ክፍተት ለመሙላት መነሣቱ ያስመሰግነዋል። ይህን ያህል ክፍተት ለምን ኖረ የሚለው ጥያቄ ግን በምስጋናው ሥር መቀበር የለበትም።

ከነዚህ ሁሉ በላይ የጤና ሚኒስቴር አለ፤ ፖሊሲ የሚያወጣውና ስለ ዘርፉ ለምክር ቤት የሚያስረዳው እሱ ነው። አዲስ አበባ ግን በአንቀጽ 49 ራሷን በራሷ የምታስተዳድር፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራሉ መንግሥት የሆነ ከተማ ናት። ስለዚህ የፌዴራሉ ሚኒስትር ስለ አቃቂ አምቡላንስ ቢጠየቁ ጉዳዩ የከተማው ጤና ቢሮ ነው ማለት ይችላሉ። ቢሮው ስለ 907 ቢጠየቅ ቀይ መስቀል ራሱን የቻለ ማኅበር ነው ሊል ይችላል። ማኅበሩ ስለ መንገዱ ቢጠየቅ መንገድ የሚሠራው ሌላ ነው ሊል ይችላል። እያንዳንዱ መልስ ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው። ሲደማመሩ ግን የሚያልፈው ሕይወት ማንም ሳይጠየቅበት ያልፋል።

በአገር ደረጃ ያለው ልምድ ከዚህ ብዙ አይለይም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዶ/ር ቴድሮስ አድኃኖም፣ ቀጥሎም በዶ/ር ከሰተብርሃን አድማሱ የሚኒስትርነት ዘመን፣ ለእያንዳንዱ ወረዳ ቢያንስ አንድ አምቡላንስ በሚል ዕቅድ ከአንድ ሺህ በላይ ተሽከርካሪዎች ተገዝተው ተከፋፈሉ። ዓላማው እናቶች በምጥ ምክንያት በየጎጆው እንዳይሞቱ ነበር፤ ትልቅና የሚደገፍ ዓላማ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ሺህ በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 676 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር፤ የ2008ቱ ጥናት ግምቱን ወደ 412 ዝቅ አደረገው። ለዚህ መሻሻል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የአዋላጅ ነርሶች መብዛት፣ የጤና ጣቢያዎች መስፋፋት፣ አምቡላንሶችም ድርሻ አላቸው።

ግዥው የተፈጸመው ከላይ ሲሆን የሹፌሩ ደመወዝ፣ ነዳጁ፣ ጎማውና ጥገናው የወደቀው በወረዳው በጀት ላይ ነበር። ርክክቡ ላይ ሪባን የቆረጠው ባለሥልጣን፣ መኪናው ጎማ አጥቶ ሲቆም ጥያቄ የሚቀርብለት ሰው አልሆነም። አምቡላንሱ ለስብሰባና ለጉዳይ መሄጃ መዋሉ ሕዝቡ በየቀበሌው ሲያነሣው የኖረ ቅሬታ ነው። ብዙውን ጊዜም ከሹፌሩ ሌላ ሕክምና የሚያውቅ ሰው አብሮ አይጓዝም። ለምክር ቤት በሚቀርብ ሪፖርት ውስጥ የተገዛ አምቡላንስ ቁጥር በቀላሉ ይጠራል። ስንቱ ሌሊት ይሠራል፣ በስንት ደቂቃ ይደርሳል፣ ውስጡ ማን አለ የሚለው ግን እንደዚያ ሲጠራ አይሰማም። ይኸኛው ቁጥር ካልተጠራ ጠያቂው የሚይዘው ነገር የለውም።

ሠራተኛውን ወደ መካከል እናምጣው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የመኪና አደጋ ቦታ ላይ ሦስት አምቡላንሶች ቢገናኙ ሠራተኞቻቸው በተለያየ ሕግ የሚተዳደሩ ሊሆኑ ይችላሉ። የቀይ መስቀሉና የግሉ ድርጅት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥር ናቸው፤ የጤና ቢሮውና የኮሚሽኑ ሠራተኛ ደግሞ በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ሥር። የሚያነሡት ቁስለኛ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚነካቸው ደም፣ የሚተነፍሱት አየር፣ የሚነዱበት ጨለማም አንድ ዓይነት ነው። ክፍያቸው፣ የተጋላጭነት አበላቸው፣ ጉዳት ሲደርስባቸው የሚከተሉት ሥርዓት ግን ይለያያል። ሹፌሩ ደግሞ ከሁሉም ይጎዳል። በሙያ ምደባ የጤና ባለሙያ ስላልሆነ፣ ለጤና ባለሙያዎች የሚታሰብ ማሻሻያ በራሱ አይደርሰውም። በሽተኛውን ከባለሙያው እኩል ያነሣል፤ በኮቪድ ዘመንም ያን መኪና የነዳው እሱ ነበር።

እነዚህ ሠራተኞች ድምፃቸውን የሚያሰሙበት መንገድ ጠባብ ነው። አዋጅ 1156 ሆስፒታልን፣ ክሊኒክንና የእሳት አደጋ አገልግሎትን ለሕዝብ እጅግ አስፈላጊ ከሚላቸው ድርጅቶች መድቦ ሥራ ማቆምን በዚያ ይከለክላል። የመንግሥት ሠራተኛው ደግሞ አንቀጽ 42 የማኅበር መብቱን ቢጠቅስለትም፣ በተግባር እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ በሠራተኛ ማኅበር ተደራጅቶ ከአሠሪው ጋር በጋራ አይደራደርም። ሰው በሞትና በሕይወት መካከል ሳለ አምቡላንስ እንዳይቆም መከልከሉን እኔም እቀበላለሁ። ክልከላው ግን ዕዳ አለበት። አንድ ሠራተኛ ሥራ እንዳያቆም በሕግ ከታገደ፣ በእሱ ፈንታ የሚጠይቅለት ወገን የግድ መኖር አለበት። ያ ወገን ምክር ቤቱ ነው። ምክር ቤቱ ዝም ካለ ሠራተኛው ሁለት ጊዜ ዝም ተሰኝቷል።

የጤና ባለሙያዎች ጥያቄ ምን ዓይነት መንገድ እንደሄደ እናውቃለን። በ2011 ዓ.ም. ከየሆስፒታሉ የተነሣው ቅሬታ በሚያዝያ ወር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባለሙያዎቹን በአዳራሽ ሰብስበው እስከማወያየት አደረሰ። በ2017 ጥያቄው ተመለሰ፤ የደመወዝ፣ የተረኝነት ክፍያና የተጋላጭነት አበል ጉዳዮች ተዘርዝረው ቀረቡ፣ የጊዜ ገደብ ተሰጠ፣ በግንቦት ወር በተለያዩ ሆስፒታሎች በከፊል ከዚያም በስፋት ሥራ ቆመ። ሚኒስቴሩ ድርጊቱን ሕገ ወጥ ብሎ ወደ ሥራ እንዲመለሱ አሳሰበ፤ ፖሊስ ባለሙያዎችን አሠረ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናልን የመሳሰሉ ድርጅቶች እስሩን ተቃወሙ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ለመንግሥት ሠራተኞች በሙሉ የደመወዝ ጭማሪ ተደረገ። ጭማሪው የሚናቅ አይደለም። ጥያቄው ግን መጀመሪያ የተሰማው በአደባባይ፣ ቀጥሎ በፖሊስ ጣቢያ፣ በመጨረሻ በበጀት ነው። በመካከሉ መሆን የነበረበት፣ ሚኒስትሯ ዶ/ር መቅደስ ዳባ በምክር ቤቱ ፊት ቀርበው ነጥብ በነጥብ የሚያስረዱበት ረጅም መድረክ ነበር። ያ መድረክ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ቢሆን ከእስሩ የተወሰነው ባልመጣ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ፣ ከተማው ወደተሠራበት መንገድ እንለፍ፤ ከደረጃው እንጀምር። ደረጃ ስል የእውነት ደረጃ ነው፤ የኮንዶሚኒየም ደረጃ። የ20/80 ቤቶች በብዛት መሬቱን ጨምሮ አምስት ፎቅ ናቸው፤ ሊፍት የላቸውም። ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ ኮዬ ፈጬ በእነዚህ ሕንፃዎች የተሞሉ ናቸው። አራተኛ ፎቅ ላይ ራሱን ስቶ የወደቀን ሰው በቃሬዛ ለማውረድ ሁለት ሰው አይበቃም፤ መታጠፊያው ጠባብ ነው፣ ሌሊት መብራት አይኖርም። ሊፍት ይቅር ብሎ የወሰነው የቤቶች ልማት መሐንዲስ የወጪ ስሌት ሠርቷል፤ በዚያ ስሌት ብዙ ደሀ ቤት አግኝቷል፣ ይህን አልክድም። የስሌቱ ቀሪ ሒሳብ ግን በየሌሊቱ በሹፌሩና በባለሙያው ወገብ ላይ ይወርዳል። ወገቡ የተጎዳው ሠራተኛ ጉዳቱን ለማስመዝገብ ሲሄድ፣ ከ20 ዓመት በፊት በተጀመረ የቤት ፕሮግራም ንድፍ የተጎዳ ነው ብሎ የሚጽፍለት የለም።

ሠራተኛው ደረጃው ላይ ከመድረሱ በፊት ደግሞ ቤቱን ማግኘት አለበት። ጥሪ ተቀባዩ የሚጠይቀው የመንገድ ስምና ቁጥር አይደለም፤ በየትኛው ምልክት በኩል፣ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ጀርባ፣ ብሎክ ስንት እያለ ነው። የታመመው ብቻውን ከሆነ ይህን ማስረዳት አይችልም። የከተማ አድራሻ ሥርዓት አለመዘርጋት የፕላን ጉድለት ነው። የሚከፈለው ግን በደቂቃ ነው፤ የሚሰደበውም ዘግይቶ የደረሰው ሹፌር ነው። የቁጣና የዱላ ሰለባ የሚሆነው ተጠያቂው ሳይሆን ቀድሞ የተገኘው ሰው ነው።

አቃቂ ቃሊቲ ብዙ የፕላን ውሳኔዎች ተደራርበው ያረፉበት ቦታ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው የከባድ መኪና ጉዞ ከጥንት ጀምሮ በዚህ ያልፋል። የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ሠፈሩን የሠራተኛ ሠፈር አድርገውታል። በ2007 መስከረም የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከቱሉ ዲምቱ ይነሣል። በቀጣዩ ዓመት መስከረም ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር የሰሜን–ደቡብ መስመር ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ ወደ ቃሊቲ ሲወርድም መሬት ላይ ስለተዘረጋ መንገዱን ለሁለት ከፍሎታል። ከግራው ወደ ቀኙ የሚሻገር አምቡላንስ ማዞሪያ ፍለጋ ረጅም ርቀት ይሄዳል። ክረምት ሲገባ የአቃቂ ወንዝ ይሞላል። በቻይና መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ በአትሌት ጥሩነሽ ዲባባ የቤጂንግ ድል የተሰየመው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል በክፍለ ከተማው መኖሩ ትልቅ ዕድል ነው፤ ከባድ የአደጋ ቁስለኛ ግን ብዙ ጊዜ ወደ መሐል ከተማ ማለፍ ይኖርበታል፤ ያም ማለት ያንኑ የተጨናነቀ መንገድ በሙሉ ማቋረጥ ነው።

በ2011 የካቲት የኮዬ ፈጬ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ክርክሩ ሁሉ መሬቱ የማን ነው በሚለው ላይ ነበር። ከዚያ በፊት በ2008 ጥር፣ ከብዙ ደም በኋላ፣ አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያገናኛል የተባለው የጋራ ማስተር ፕላን ተሰርዟል። በ2014 ነሐሴ ደግሞ የከተማውና የኦሮሚያ አስተዳደሮች በወሰን ላይ መስማማታቸውን አስታወቁ፤ ቀጥሎም ሸገር ከተማ ተመሠረተ። እነዚህ ሁሉ ከባድ ፖለቲካዊ ጉዳዮች ናቸው፤ በዚህ ጽሑፍ አይፈቱም። እኔን የሚያሳስበኝ በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ ያልተነሣው ጥያቄ ነው። ወሰኑ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ባለፈበት ሠፈር የልብ ድካም የያዘው ሰው ሲደውል መኪናው ከየትኛው ወገን ይነሣል? የከተማው ሹፌር ወሰን ተሻግሮ አደጋ ቢደርስበት ኃላፊነቱን የሚወስደው ማነው?

ከ2016 ጀምሮ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ መጣ። በ2017 መጀመሪያ ከካዛንቺስ የተነሡ ነዋሪዎች ክፍል በአቃቂ ቃሊቲ ወደሚገኘው ገላን ጉራ ተዛወረ። ካዛንቺስ ሆስፒታሎች በእግር የሚደረስባቸው ሠፈር ነው፤ ገላን ጉራ የከተማው ጫፍ። አሮጊት እናት፣ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡር ሴት አብረው ተዛውረዋል። አንቀጽ 43 ዜጎች የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ አስተያየት የመስጠት መብት እንዳላቸው ይናገራል። ሰው ከማዛወር በፊት ከአዲሱ ሠፈር ሆስፒታል ድረስ ሌሊት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ መለካትና ውጤቱን ለነዋሪው መንገር የዚያ መብት አካል ሊሆን ይገባዋል። ያለበለዚያ በአንድ ዓመት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሰው ሲጨመር፣ የአምቡላንስ ሠራተኛው ሥራ ሲጨምር፣ ቁጥሩና ደመወዙ ግን ባለበት ይቆያል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ፣ ብዙም የማይወራ አንድ ትልቅ ጉድለት አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ያህል፣ አቃቂ ቃሊቲ ደግሞ ከ180 ሺህ ትንሽ በላይ ሕዝብ ነበራቸው፤ ቱሉ ዲምቱም ኮዬ ፈጬም የዛሬውን ሠፈር አልሆኑም ነበር። አራተኛው ቆጠራ ተደጋግሞ ተራዘመ፤ በ2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው አራዘሙት። የጸጥታው ሁኔታ ከባድ እንደነበረ አይካድም። የአምቡላንስ ቁጥር፣ የሠራተኛ ቅጥር፣ የጤና ጣቢያ ቦታ ሁሉ የሚታቀደው ግን በሕዝብ ብዛት ነው። ለብዙ አገሮች መነሻ ሆኖ የሚጠቀሰው ስሌት ለ50 ሺህ ሰው አንድ አምቡላንስ ነው። የሕዝቡ ብዛት ካልታወቀ ማካፈል አይቻልም። ይህ የማንም ሹፌር ጥፋት አይደለም፤ የምክር ቤቱ የራሱ ውሳኔ ነው። ጠያቂውም ተጠያቂ የሚሆንበት ቦታ ይህ ነው።

ስለ አምቡላንስ ሠራተኛው ደኅንነት ሲነሣ ታሪካችን ራሱ ምስክር ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፤ የጣልያን ወረራ በደጅ ሳለ። በዚያ ዘመን አውሮፕላን የሚያርፈው እዚሁ አቃቂ ነበር፤ ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮሰንም በጦርነቱ የቀይ መስቀል አውሮፕላን ያበርር ነበር። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ከአየር ተደበደበ፤ ጉናር ሉንድስትሮም የተባለው ሠራተኛና ብዙ ቁስለኞች ሞቱ። እንግሊዛዊው ዶ/ር ጆን ሜሊ የመሩት የአምቡላንስ ቡድን በቆረም በኩል ተደበደበ፤ ራሳቸው ዶክተሩ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ከወጡ በኋላ በነበረው ሁከት በአዲስ አበባ ቁስለኛ ሲያነሡ ተመትተው ሚያዝያ 27 ቀን፣ ጣልያን ከተማዋን በያዘበት ዕለት፣ አረፉ። የደቡቡን የጣልያን ጦር ያዝዝ የነበረው ግራዚያኒ በኋላ በአገሩ ፍርድ ቤት የቀረበው ከናዚዎች ጋር በመተባበር ነው፤ ለመልካ ዲዳ የጠየቀው አልነበረም።

ያ የባዕድ ወረራ ነበር። በእኛው ዘመን፣ በእኛው መካከል የሆነው ይበልጥ ያማል። በትግራዩ ጦርነት የቀይ መስቀል አምቡላንሶች ጥቃት ደረሰባቸው። ሂዩማን ራይትስ ዎች እንደዘገበው ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ደላንታ፣ ወገል ጤና ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የነበረ አምቡላንስ በድሮን ተመትቶ ቢያንስ አራት ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል። ስለ አምቡላንስ ሠራተኛ ደኅንነት ምክር ቤት ሲጠይቅ ጥያቄው ለጤና ሚኒስትሯ ብቻ የሚቀርብ አይደለም፤ መከላከያ ሚኒስቴርም መልስ አለበት። ማን ተኮሰ፣ ማን አዘዘ፣ ምርመራው የት ደረሰ ተብሎ በስብሰባ ሊጠየቅ ይገባል። የሟቾቹ ቤተሰብ ይህን ጥያቄ ብቻቸውን እንዲይዙት መተው ተገቢ አይደለም።

ተጠያቂነት ሲባል ብዙ ሰው የሚፈራበት ምክንያት አለ። በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ከተሸፈነበት ሲገለጥ፣ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የነበሩበት መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ የአክሊሉ ሀብተ ወልድን ካቢኔ ሹማምንት መጠየቅ ጀምሮ ነበር። በታሪካችን ሚኒስትሮች ለሕዝብ ረሃብ በጥያቄና መልስ የቀረቡበት ያልተለመደ ወቅት ነው። ምርመራው ሳይቋጭ ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. አክሊሉንና እንዳልካቸው መኰንንን ጨምሮ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ጥያቄው በጥይት ተቋረጠ፤ መልሱም ከሟቾቹ ጋር ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ በእኛ አገር ባለሥልጣንን መጠየቅ ማለት ባለሥልጣንን ማጥፋት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ባለሥልጣኑም ጥያቄ ሲመጣበት እንደ ጠላት ጥቃት ይቆጥረዋል። ሚኒስትር የሚጠራው ግን እንዲያስረዳ ነው፤ ያወቀውን እንዲናገር፣ ያላወቀውን አጣርቶ እንዲመለስ፣ ያጠፋውን እንዲያርም። መደበኛ፣ በየወሩ የሚደጋገም፣ አሰልቺ እስኪሆን የተለመደ ጥያቄ ነው የጎደለን።

ሌላ አገር ይህ እንዴት እንደሚሠራ አንድ ሁለት ምሳሌ ይበቃል። በእንግሊዝ አገር ለከባድ ሕመም ጥሪ አምቡላንስ በአማካይ በ18 ደቂቃ እንዲደርስ መለኪያ ተቀምጧል፤ ትክክለኛው አማካይ በየወሩ ለሕዝብ ይታተማል። በ2022 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ያ አማካይ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ደረሰ፤ በዚያው ወር የአምቡላንስ ሠራተኞች በክፍያና በሰው ኃይል ማነስ ምክንያት ሥራ አቆሙ። የጤና ሚኒስትሩ በፓርላማ ሲጠየቁ ጠያቂው ቁጥር ይዞ ነበር የቆመው። በሕንድ ደግሞ ከባቡር ወድቆ ጭንቅላቱ የተጎዳን አንድ ሠራተኛ የመንግሥት ሆስፒታሎች በተራ አልጋ የለም ብለው መለሱት፤ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1996 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ ድንገተኛ ሕክምና መንፈግ የመኖር መብትን መጣስ ነው ብሎ ክፍለ ግዛቱ ካሣ እንዲከፍል፣ አምቡላንስና የአልጋ መረጃ ሥርዓት እንዲዘረጋ አዘዘ። የገንዘብ እጥረት ሰበብ እንደማይሆንም በግልጽ ተናገረ። ሕንድ ያን ጊዜ ሀብታም አገር አልነበረችም።

እኛም መሣሪያ አናጣም። የፌዴራል ዋና ኦዲተር የክዋኔ ኦዲት ሠርቶ ሲያቀርብ የምክር ቤቱ የመንግሥት ወጪ ቁጥጥር ቋሚ ኮሚቴ ኃላፊዎችን ጠርቶ በይፋ ይጠይቃል፤ ይህ መድረክ በአገራችን ካሉት የተሻለው ነው፤ ባለሥልጣናት በወረቀት ላይ ከተጻፈ ግኝት ፊት ማምለጥ ሲቸግራቸው ታይቷል። የድንገተኛ ሕክምናና የአምቡላንስ አገልግሎት በዚህ ዓይነት ኦዲት ቢታይ ከተሽከርካሪ ቁጥር አልፎ ወደ ሠራተኛው ሰዓትና ወደ ደቂቃው መግባት ይቻላል። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በአዋጅ 211/1992 የአስተዳደር በደል እንዲመረምር ተቋቁሟል፤ ያልተከፈለ የተረኝነት ክፍያ የአስተዳደር በደል ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የሙያ ማኅበራት ስለ መብትና ፖሊሲ እንዲከራከሩ በሩን ከፍቷል፤ የአምቡላንስ ሹፌሮችና ባለሙያዎች፣ በየትኛውም አሠሪ ሥር ይሁኑ፣ በአንድ የሙያ ማኅበር መሰባሰብ ይችላሉ። የከተማው ምክር ቤትም ከንቲባዋንና ቢሮዎቻቸውን የመጠየቅ የራሱ ሥልጣን አለው።

ሚኒስትሮች የዘጠኝ ወር ሪፖርታቸውን የሚያቀርቡት በጸደይ ወራት ነው፤ በጀቱ የሚጸድቀው ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ከመበተኑ በፊት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ 23ቱ የአዲስ አበባ ተወካዮች ግን አንድ ነገር ለመጠየቅ ይበቃቸዋል። የጤና ሚኒስትሯና የከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስትሯ በየራሳቸው ቀን ሳይሆን በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ ይቅረቡ፤ የከተማው ጤና ቢሮ፣ የእሳትና አደጋ ኮሚሽኑና ቀይ መስቀልም አብረው ይጠሩ። ከገላን ጉራ እስከ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል በሌሊት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይጠየቁ። ቀጥሎም አምቡላንሱን የነዳው ሰው ተረኛ ከሆነ ስንት ሰዓት እንደሆነው፣ የዚያ ሌሊት ክፍያው በየትኛው ወር እንደሚደርሰው።